የቡና ተክል ሲጠማው

(አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን አስገብቻለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችሁን ትታችሁ ኬሚስትሪ ልትሰሙ መምጣታችሁ በራሱ ያስመሰግናችኋል። ከኋላ ጭሱ ይታያችኋል። ቡናው እየተፈላ ነው፤ እኔ ሳልጨርስ ግን አይቀዳም። ስለዚህ ቶሎ በል ብትሉኝ አልቀየምም።

ከምጣድ ልጀምር። ቡና ስትቆሉ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ፍሬው ሁሉ እየጠቆረ፣ እየተንጣጣ ሳለ አምስት ስድስቱ እንቢ ይላል። እሳቱ ያው፣ ምጣዱ ያው፣ እነሱ ግን እንደገረጡ ይቀራሉ። እናቴ በመቁያው ጫፍ እየለየች ታወጣቸዋለች። «እነዚህ ያልጠገቡ ናቸው» ትላለች። ልጅ ሆኜ አንዱን አኝኬ አውቃለሁ። ጥሬ ኦቾሎኒ ከገለባ ጋር ቢደባለቅ እንደዚያ ይመስለኛል። የቡና ወሬ የለበትም።

አባባሏ የገባኝ ኬሚስትሪ ከተማርኩ በኋላ ነው። ቃል በቃል ትክክል ናት። ቡና ሲቆላ የሚጠቁረው በውስጡ ያለው ስኳርና አሚኖ አሲድ በሙቀት ስለሚዋሐዱ ነው። የዳቦ ቅርፊት የሚቀላውም በዚሁ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ስላብራራው በስሙ ይጠራል። ስኳሩ ያነሰ ፍሬ ግን በምን ይጠቁር? አልጠገበማ።

ለምን አልጠገበም? ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሳለ ስለተለቀመ ነው። አንዳንዴ ግን ቀልቶ፣ በሰዓቱ ተለቅሞም ውስጡ ባዶ ይሆናል። ያኔ ለቃሚውን አትውቀሱ። ነገሩ የተበላሸው ከወራት በፊት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ነው። ስለ ጥም።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልናገር። ድርቅ ክፉ ነው ልላችሁ አልመጣሁም። እሱን ለማወቅ እኔ አላስፈልጋችሁም። የሚገርመው ቡና ጥም የሚፈልግ ተክል መሆኑ ነው። በደንብ ካልጠማው በደንብ አያብብም። የቡና ጉዳይ ሁሉ ያለው «መቼ ጠማው?» የምትለው ጥያቄ ላይ ነው።

አሁን ይህን ቅጠል እዩት። ከላይ ያብረቀርቃል፤ ከታች ደብዘዝ ይላል። ቡና የሚተነፍሰው በታችኛው በኩል ብቻ ነው። ልጆች ያሏችሁ ይህን ሞክሩ። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ከቅጠሉ ሥር ቀቡ። ይድረቅ። ከዚያ በስኮች ላጡትና ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጉት። ትንንሽ አፎች ተደርድረው ታያላችሁ። እያንዳንዱ አፍ ሁለት ከንፈር አለው፤ ከንፈሮቹ ኩላሊት ይመስላሉ። ስቶማታ ይባላሉ። አፉ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፤ ተክሉ ስኳር የሚሠራው ከእሱ ነው። ግን በዚያው በር ውሃ ይወጣል። ልብላ ካለ ውሃ መክፈል አለበት።

በግ ሲጠማው ወንዝ ይወርዳል። ቡና ወዴት ይሄዳል? የትም። ያለው አማራጭ ውስጡን መለወጥ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ሥሩም ቅጠሉም አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያበዛሉ። ሆርሞኑ ከንፈሮቹ ጋ ሲደርስ ፖታሲየም እየወጣ ይሄዳል። ውሃ ይከተለዋል። ከንፈሮቹ እንደተነፈሰ ኳስ ይልፈሰፈሱና አፉ ይዘጋል። አለቀ። ውሃ ተቆጠበ።

ጎበዝ። ግን ፀሐይዋስ ተዘጋች? አልተዘጋችም። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል።

ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛን አስቡ። ሰው ይጎርፋል፣ ታክሲ የለም። ቅጠሉ ውስጥ ብርሃን ኤሌክትሮኖችን እየገፋ ያወጣል። ተሳፋሪዎቹ እነሱ ናቸው። በደህና ቀን ታክሲው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱን ይዘው ስኳር ወደሚሠራበት ይሄዳሉ። አሁን በሩ ስለተዘጋ ታክሲ የለም። ሰልፉ ግን ይረዝማል። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ያገኙት ላይ ይሳፈራሉ። ያገኙት ደግሞ ኦክስጅን ነው። ያለ ቦታው ኤሌክትሮን የጫነ ኦክስጅን ሰክሮ እንደሚነዳ ሾፌር ያገኘውን ይገጫል። የሴሉን ሽፋን ይገጫል፣ ፕሮቲኑን ይገጫል፣ ክሎሮፊሉን ይገጫል። ገረጣ፣ ዳር ዳሩን ተቃጠለ የምንለው ቅጠል የዚህ ግጭት ውጤት ነው።

ተክሉ ዝም ብሎ አያይም። ቁስል ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲፈስ ነጭ አረፋ ሲወጣ አይታችሁ የለ? ያን አረፋ የሚያስወጣው ደማችን ውስጥ ያለ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ፐርኦክሳይዱን ውሃና ኦክስጅን አድርጎ ይሰብረዋል። ቡናም ካታሌዝ አለው። ሲጠማው ፐርኦክሳይድ ስለሚጠራቀምበት እሱንና መሰሎቹን ያሰማራል። እኛ ቤት ፋርማሲ የሚሸጠው ነገር ቅጠሉ ውስጥ ራሱ ይፈጠራል፣ ራሱ ይጠረጋል። ይህን ለተማሪዎች ስነግር ሁሌ ይደንቃቸዋል፤ እኔንም እስካሁን ይደንቀኛል።

ሌላም መከላከያ አለው። ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባሉት ውሕዶች ቅጠሉም ፍሬውም ውስጥ በብዛት አሉ። እንደ ፀሐይ መከላከያ ክሬም ጎጂውን ጨረር ይውጣሉ፤ ሰካራሙን ኦክስጅንም ያረጋጋሉ። የቡና ቅጠል ውስጥ ማንጎ ላይ የሚገኘው ማንጂፈሪን የሚባል ውሕድም አለ። ከፋና ቤንች አካባቢ የቡና ቅጠል በቅመም አፍልተው ጨሞ የሚጠጡ፣ ሐረር ደግሞ ቁጢ የሚጠጡ ሰዎች ቅጠሉን ከንቱ ነገር ነው ብለው አያውቁም። እኛ ከተሜዎቹ ነን ፍሬውን ብቻ ያወቅነው።

ከዚያ የውሃው ጉዳይ ይመጣል። ሰላጣ ላይ ጨው ነስንሳችሁ ብትተዉት ውሃ ያዥጎደጉዳል። ጨው ያለበት ቦታ ውሃ ይጠራል። ተክሉ ይህንኑ ብልሃት ገልብጦ ይጠቀምበታል። የሚሟሙ ነገሮችን ሴሉ ውስጥ ያጠራቅማል፦ ስኳሮች፣ ማኒቶል፣ ፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ። ውስጡ ወፈር ሲል ውሃው ቶሎ አይሸሽም። ስለ ፕሮሊን ግን አንድ ጥንቃቄ። ብዙ ሰው ፕሮሊኑ የበዛ ተክል ጠንካራ ተክል ይመስለዋል። ቡና ላይ ይህ አይሠራም። ፕሮሊን መብዛቱ ብዙ ጊዜ ተክሉ መጎዳቱን ነው የሚያሳየው። ትኩሳት ስላለው ብቻ ጤነኛ የሚባል ሰው የለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሥራ ስኳር ይበላል። ኢንዛይሙም፣ ክሎሮጀኒክ አሲዱም፣ የሚጠራቀመው ነገርም የሚሠራው ከስኳር ነው። በሩ ደግሞ ተዘግቷል፤ አዲስ ስኳር እንደ ልብ አይሠራም። ጥሙ ከከፋ ቅጠሉ መርገፍ ይጀምራል። አሮጌው መጀመሪያ፣ ከዚያ ወጣቱ። አባቶች «ቡናው ራቁቱን ቀረ» የሚሉት ያኔ ነው።

አሁን ወደ አበባው እንምጣ። ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ይህ ነው።

የቡና እምቡጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ካደገ በኋላ ይቆማል። ይተኛል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይህ የሚሆነው በበጋው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ነው። ውሃ ያለማቋረጥ ቢያገኝ በቅጡ አይነቃም። እንዲነቃ መጀመሪያ መድረቅ አለበት። ድርቁ ቀስ በቀስ የሆርሞኖቹን ሚዛን ይለውጣል። ከዚያ አንድ ቀን፣ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ፣ ጥሩ ዝናብ ይጥላል። አብሲሲክ አሲዱ ይወርዳል። ጂበረሊን የሚባለው የእድገት ሆርሞን ይነሣል። እምቡጡ ውሃውን ይመጥጣል፣ ያብጣል። 10 ቀን ገደማ ሲሆነው ማሳው በአንድ ጠዋት ነጭ ለብሶ ያድራል። ሽታው ጃስሚን ነው። ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ይቆያል። በዚያ ሰሞን ጅማ ወይም ቦንጋ ሄዳችሁ ካላሸተታችሁት ቀርቶባችኋል።

የብራዚል ገበሬዎች ይህን አውቀው ይጠቀሙበታል። ሴራዶ በሚባለው ደረቅ አካባቢያቸው በመስኖ ነው የሚያመርቱት። ውሃው በእጃቸው ነው። ግን ሆን ብለው ለ70 ቀን ገደማ ይዘጉታል። ያስጠሙታል። ከዚያ በአንዴ ይለቁታል። አበባው ሁሉ አብሮ ይፈካል፤ ፍሬው አብሮ ይቀላል። ማሽኑም አንዴ ገብቶ ይለቅማል።

አሁን ተቃራኒውን አስቡ። ዝናቡ ሲያስቸግር፣ ትንሽ ጠብ ብሎ ሲጠፋ፣ ተመልሶ ጠብ ሲል። ሁሉም እምቡጥ አንድ ላይ አይነቃም። ዛሬ ጥቂቱ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላው። ስድስት ሰባት ወር ቆይታችሁ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ፍሬ ጎን ለጎን ታያላችሁ። ለቃሚው አራት አምስት ጊዜ መመላለስ አለበት። ካልተመላለሰ አረንጓዴውንም ይዞት ይመጣል። እናቴ ምጣዱ ላይ የምታገኛቸው እነዚያ ናቸው። የመጋቢት ዝናብ መቆራረጥ የታኅሣሥ ምጣድ ላይ ይታያል።

አበባው ፍሬ ከያዘ በኋላ ጥም ወዳጅ መሆኑን ያቆማል። በጣም የሚያሳዝነው ክፍል ይህ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ይህ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ነው። እነዚህ 30 ቀይ እሸት ቡናዎች ናቸው፤ ትናንት ማታ የመጡ ናቸው። ሁላቸውም ከውጭ ያማሩ ናቸው አይደል? ልጨምራቸው። እዩ። አብዛኞቹ ሰመጡ። አራቱ ተንሳፈፉ። አንዱን ተንሳፋፊ ልክፈለው። በአንድ በኩል ደህና ፍሬ አለ፤ ትንሽ ቢሆንም ሞላ ያለ ነው። በሌላው በኩል ግን ይህን ተመልከቱ። ስስ፣ የተጨማደደ ሽፋን። ቦታው ተሠርቷል፤ ቤቱ አለ፤ ነዋሪው አልገባም። ነቀዝም እንዲህ ያደርጋል፤ እዚህ ግን ምንም ቀዳዳ አላየሁም።

ፍሬው የሚያድገው በደረጃ ነው። ካበበ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንደ ክብሪት ጭንቅላት ሆኖ ይቆያል። ከ10ኛው ሳምንት ገደማ እስከ 17ኛው በፍጥነት ያብጣል። ይህ የውሃ ሥራ ነው። በዚህ ጊዜ የውስጡን ፍሬ የሚይዘው ክፍል ስፋት ይወሰናል፤ ከዚያ ቅርፊቱ ይጠነክራል። አንዴ ከጠነከረ በኋላ የቱንም ያህል ቢዘንብ የውስጡ ፍሬ ከክፍሉ አይበልጥም። ቀጥሎ የሚመጣው መሙላት ነው። ከቅጠሉ የሚመጣ ስኳር ወደ ፍሬው ይገባና ዘይት፣ ፕሮቲን፣ ጠንካራ ካርቦሃይድሬት ይሆናል።

መጋቢት ላይ ያበበ ቡና ማበጫው ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። ክረምቱ ቢዘገይ ፍሬው ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ክረምቱ ቶሎ ቢወጣና መሙያው ላይ ቢጠማው ደግሞ መጠኑ ደህና፣ ውስጡ ግን ቀሊል ይሆናል። ሁለት ዓይነት ጥም፣ ሁለት ዓይነት ጉዳት።

ይህን የሚያባብሰው የቡና ጠባይ ነው። ማንጎን ብታዩ ሲከብደው ፍሬውን ያረግፋል። ቡና ይህን ብዙም አይችልበትም። መጀመሪያ የኖረው ጫካ ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። እዚያ አበባው ጥቂት ነው፤ መቀነስ አላስፈለገውም፣ አልተማረም። ፀሐይ ላይ ስታወጡት ከአቅሙ በላይ ያብባል። የያዘውን ሁሉ ላሳድግ ይላል። ቅጠሉ ረግፎም ፍሬውን አይለቅም። ስኳሩን ከቅርንጫፉ፣ ከሥሩ ሳይቀር አሟጦ ይሰጠዋል። በሚቀጥለው ዓመት ቅርንጫፉ ይደርቃል።

ለዚህ ነው ጥላ ዛፍ የማይናቀው። ሰሳው፣ ብርብራው፣ ዋንዛው ሥራ አላቸው። ብርሃኑን ይቀንሳሉ፤ መገናኛ ላይ ያለው ሰልፍ ያጥራል። ኮስታሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ጥላ ሥር ያለ ቡና ፍሬው እስከ አንድ ወር ዘግይቶ እንደሚበስል አሳይቷል። ፍሬው ትልቅ ነበር። ፀሐይ ላይ የነበረው ግን በመራራነቱና አፍ በመያዙ ተለየ፤ ክሎሮጀኒክ አሲዱና ትሪጎኔሊን የሚባለው ሌላ ውሕድ ከፍ ያለ ነበር። ፍሬው በቅጡ ሳይበስል ነው ያለቀው ማለት ነው።

ስኒው ላይ ይህ እንዴት ይታያል? ዓረቢካ የሚባለው የቡና ዘር ጥሬ ፍሬው ከክብደቱ ከ6 እስከ 9 በመቶ የሚሆነው ሱክሮስ የሚባለው ስኳር ነው። ሲቆላ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያልቃል። ቀለም ይሆናል፣ ሽታ ይሆናል፣ ደስ የሚለው ጎምዘዝ ያለ ነገር ይሆናል። ክሎሮጀኒክ አሲዱ ሲሰበር ደግሞ መራራ ነገሮች ይወልዳል። ትንሽ ምሬት ቡናን ቡና ያደርገዋል። ስኳሩ አንሶ ክሎሮጀኒኩ ሲበዛ ግን ምላስ ላይ እንደ ጥሬ ሙዝ የሚጨብጥ ቡና ታገኛላችሁ። ስኳር ብትጨምሩበት ጣፋጭ ይሆናል እንጂ መጨበጡ አይለቅም።

ካፌይንስ? «የተጠማ ቡና ይጠነክራል» የሚል ወሬ አለ። ጥናቶቹ እዚህ ላይ አይስማሙም፤ አንዱ ጨመረ ሲል ሌላው ምንም አልሆነም ይላል። ትልቁን ድርሻ የሚወስነው ዘሩ ነው። ዓረቢካ 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን አለው፤ ሮቡስታ ደግሞ 2.2 ገደማ። እንቅልፍ ከነሣችሁ ሰማዩን አትውቀሱ።

ስለ ዘር ካነሣን አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ጅማ የግብርና ምርምር ማእከል ካወጣቸው ዝርያዎች 74110ን የማያውቅ ቡና አምራች የለም። 74 የሚለው እ.ኤ.አ. በ1974 መመረጡን ነው የሚነግረን። የተመረጠው የቡና ፍሬ በሽታን እንዲቋቋም ነበር፤ በሽታው አገራችን ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። የዚያ ዘመን ጭንቀት በሽታ ነው፤ የዛሬው ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከምናበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ያው ጥናት ቡና ወደ ከፍታ ቢሄድ አዲስ መሬት እንዳለም ይላል፤ ይህን ክፍል ብዙ ሰው አያነበውም። የጥሙ መልስ ያለበት ዘር ግን የሚገኘው ከከፋና ከያዩ ጫካ፣ ከሐረርጌ ጓሮ ሊሆን ይችላል። ጫካው ሲመነጠር አብሮ የሚሄደው እሱ ነው።

በቃ፣ ቡናው ሊቀዳ ነው። ጥያቄ።

አንድ ወጣት፦ «ወይን ሲጠማው ጣዕሙ ይጎላል ይባላል። ቡናስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የወይን ጣዕም ያለው በአብዛኛው ልጣጩ ላይ ነው። ሲጠማው ፍሬው ያንሳል፤ ከጭማቂው አንጻር ልጣጩ ይበዛል። ስለዚህ ይጎላል። ከቡና ግን የምንጠጣው ዘሩን ነው። ዘር ደግሞ መሞላት አለበት። ትንሽ ዘር ማለት የጎላ ዘር ማለት አይደለም።

ሌላ ሰው፦ «ሐረር ደረቅ አገር ነው። ቡናው ግን ስመ ጥር ነው። እንዴት?»

የሐረርጌ ቡና ከዚያ ድርቅ ጋር አብሮ የኖረ ነው፤ ገበሬውም እርከን እየሠራ ውሃ ያቁርለታል። ያ የምታውቁት የፍራፍሬ ሽታ ደግሞ ከዝናቡ ማነስ አይደለም በቀጥታ የመጣው። ሳይታጠብ፣ ከነሥጋው ፀሐይ ላይ ስለሚደርቅ ነው በብዛት። ደረቅ አየሩ እዚያ ላይ ይጠቅመዋል። ጥሙ ከለቀማ በኋላ ሲመጣ ማንም አይጎዳም።

መጨረሻ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንድ እናት እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እኔ በረንዳዬ ላይ በባልዲ የተከልኩት ቡና አለኝ። ሰባት ዓመቱ ነው። ቅጠሉ ሲያምር! ግን አንድ ቀን አብቦ አያውቅም።»

«በየስንት ቀን ያጠጡታል እማማ?»

«በየቀኑ ነዋ! ጠዋት ጠዋት።»

አዳራሹ ሳቀ። ብርሃን ይደርሰዋል ወይ አልኳቸው። እስከ ቀትር ድረስ ይደርሰዋል አሉ። እንግዲያው ታኅሣሥና ጥር ላይ ውሃውን ይቀንሱበት አልኳቸው። ቀትር ላይ ቅጠሉ ጠውለግ ብሎ ማታ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ይተዉት። ጠዋትም እንደጠወለገ ካገኙት ግን ያጠጡት። ከዚያ የካቲት ላይ አንድ ቀን ባልዲው እስኪያፈስ ድረስ ያርኩትና 10 ቀን ይጠብቁ።

«ሲጠወልግ እያየሁ ዝም ልል?»

«እስከ ማታ ድረስ ብቻ።»

ትንሽ አሰቡ። «አይ፣ እኔ አልችልም» አሉ። «ጥር ላይ ሐዋሳ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ሁልጊዜ ለጎረቤቴ ቁልፍ የምሰጣት እሱን እንድታጠጣልኝ ነበር። ዘንድሮ አልሰጣትም።»